የሌሊት ፎቶን ከኖይዝ ማጽዳት፤ የጥለቱ ክርና የንቅሳቱ መስመር ሳይጠፋ

በከተራ ምሽት ደብረ ማርቆስ ላይ የተነሳ ፎቶ በካሜራው ትንሽ ስክሪን ሲያዩት ያምራል። ኮምፒውተር ላይ ከፍተው ሲያጎሉት ግን ጥቁሩ ቦታ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ነጠብጣብ ሞልቶበታል፤ ፊቱም ላይ አሸዋ የተበተነ ይመስላል። ኖይዝ የምንለው ይህንን ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ የኖይዝ ስላይደሩን እስከ ጥግ ይገፋዋል። ነጠብጣቡ ይጠፋል፤ የነጠላው ድርና ማግ፣ የእናትየው የአንገት ንቅሳትና የሹሩባው መስመርም አብረውት ይሄዳሉ። የቀረው ፊት ሰም የተቀባ ይመስላል። እህል ሲያበጥሩ ገለባው ብቻ እንጂ ፍሬው ከሰፌዱ እንዳይወጣ እጅ ልኩን ማወቅ አለበት፤ እዚህም እንደዚያው ነው።

ከሁሉ በፊት መያዝ ያለበት ነገር ይህ ነው፦ የቀለም ኖይዝና የብርሃን ኖይዝ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የቀለም ኖይዝ ሰርገኛ ጤፍ የተበተነበት ጨርቅ ይመስላል፤ በእውነተኛው ትዕይንት ውስጥ ያልነበረ ቀይና አረንጓዴ ይታያል። የብርሃን ኖይዝ ደግሞ አንድ ወጥ ጤፍ ነው፤ ቀለሙ ልክ ሆኖ ጨለም ነጣ ይላል። ዓይናችን ረቂቅ ነገርን የሚለየው በአብዛኛው በብርሃን ልዩነት እንጂ በቀለም ልዩነት አይደለም። ስለዚህ የቀለሙን ኖይዝ በርትተን ብናጸዳው ብዙ አይጎዳንም። የብርሃኑን ግን በቁጠባ መንካት አለብን፤ የሽመናው ክርና የፊቱ ቆዳ የተጻፉት እሱ ላይ ነውና።

ኖይዙ ከየት ይመጣል?

ብርሃን ሴንሰሩ (ካሜራው ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ክፍል) ላይ የሚወርደው በቅንጣት ነው፤ እንደ ዝናብ ጠብታ። ሁለት ኩባያ ጎን ለጎን ካፊያ ላይ ብናስቀምጥ አንዱ 8 ሌላው 13 ጠብታ ሊይዝ ይችላል። የሐምሌ ዶፍ ሲወርድ ግን ሁለቱም እኩል የሞሉ ይመስላሉ። በሂሳብ ስናየው፣ 100 የብርሃን ቅንጣት የደረሰው ነጥብ በ10 ያህል ይዋዥቃል፤ ይህ 10 ከመቶ ነው። 10,000 የደረሰው በ100 ይዋዥቃል፤ ይህ 1 ከመቶ ብቻ ነው። ጥቁሩ ቦታ ላይ ኖይዝ የሚበዛው በዚህ ምክንያት ነው። አይኤስኦ (ካሜራው የገባለትን ብርሃን የሚያጎላበት ቁጥር) የሚወቀሰውም ያለ ጥፋቱ ነው፤ እሱ የገባውን ያጎላል እንጂ ኖይዙን ያመጣው የብርሃኑ ማነስ ነው።

ቀለሙስ? አብዛኛው ካሜራ ውስጥ እያንዳንዱ የሴንሰር ነጥብ አንድ ቀለም ብቻ ነው የሚያየው፤ ግማሾቹ አረንጓዴ፣ ሩቡ ቀይ፣ ሩቡ ሰማያዊ። የጎደሉትን ሁለት ቀለማት ሶፍትዌሩ ከጎረቤት ነጥቦች ገምቶ ይሞላል። አንዱ ነጥብ ሲሳሳት ስህተቱ ወደ ጎረቤቶቹ ይሰራጭና ትልልቅ የቀለም ጠቃጠቆ ይሆናል።

በጧፍና በሻማ ብርሃን ሲሆን ደግሞ ይብሳል። የጧፍ ብርሃን ቀይና ቢጫው ብዙ፣ ሰማያዊው እጅግ ጥቂት ነው። ነጠላው ነጭ እንዲሆን ኋይት ባላንሱን (የቀለም ሚዛኑን) ስናስተካክል ሶፍትዌሩ ሰማያዊውን እጥፍ ድርብ ያበዛዋል፣ ኖይዙንም አብሮ። በማኅሌት ፎቶ ላይ ሰማያዊ ጠቃጠቆ የሚበዛው ለዚህ ነው። መፍትሔውም ቀላል ነው፤ ነጠላውን ወረቀት እስኪመስል አታንጡት። የጧፉን ሙቀት ትንሽ ተዉለት፤ ኖይዙም ይቀንሳል፣ ፎቶውም የሌሊት መሆኑ ይታወቃል።

ሲያነሱ

እዚህ የቀነሰ ኖይዝ በኋላ ብዙ ልፋት ያስቀራል።

ካሜራውን ራው (ሴንሰሩ ያየውን ሳይነካ የሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) ላይ አድርጉት። ጄፔግ ሲሆን ካሜራው በራሱ ሐሳብ አጽድቶ፣ ጨምቆ፣ የቀለሙን ዝርዝር ቀንሶ ነው የሚሰጣችሁ፤ የተጣለው ተመልሶ አይመጣም።

አይኤስኦን በመፍራት አታጨልሙ። በአይኤስኦ 800 አጨልሞ አንስቶ በኮምፒውተር ሁለት ስቶፕ (አራት እጥፍ) ማብራት፣ በብዙ ካሜራዎች በ3200 በትክክል ከተነሳው የባሰ ጥቁር ቦታ ይሰጣል። ጧፍ ይዘው ለቆሙ ሰዎች የሻተር ፍጥነት 1/80፣ ለሽብሸባና ለእስክስታ 1/200 ወይም ከዚያ በላይ ያዙ፤ የሌንሱን ቀዳዳ (አፐርቸሩን) በሰፊው ክፈቱ፤ የቀረውን በአይኤስኦ ሙሉት። ኖይዝ ይጸዳል፣ በእጅ መንቀጥቀጥ የደበዘዘ ፊት ግን አይመለስም።

ለማይንቀሳቀስ ነገር ከሁሉም የሚበልጥ ዘዴ አለ፦ ደጋግሞ አንስቶ ማማከል፣ ማለትም የፎቶዎቹን አማካይ መውሰድ። የዘጌን የዑራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ሥዕሎች አስቡ፤ ውስጡ ጨለማ ነው፣ ፍላሽ ደግሞ ለቆየ ሥዕል አይመከርም። ፈቃድ አግኝታችሁ ትራይፖድ ካቆማችሁ ምንም ሳትነኩ ያንኑ ክፈፍ 16 ጊዜ አንሱ። 4 ፎቶ ሲማከል ኖይዙ በግማሽ፣ 16 ሲማከል ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ከሥዕሉ ግን አንዲት የብሩሽ ጭረት አትጠፋም። ምክንያቱም ሥዕሉ በ16ቱም ላይ አንድ ነው፤ ኖይዙ ብቻ ነው የሚለዋወጠው።

በፎቶሾፕ፦ ፋይል፣ ስክሪፕትስ፣ ሎድ ፋይልስ ኢንቱ ስታክ። ፎቶዎቹን የሚያገጣጥመውንና ስማርት ኦብጀክት የሚፈጥረውን ሳጥን ምልክት አድርጉ። ከዚያ ሌየር፣ ስማርት ኦብጀክትስ፣ ስታክ ሞድ፣ ሚን (Mean፣ አማካይ)። በመሃል ሰው ካለፈ በሚን ፈንታ ሚዲያን ምረጡ፤ ያለፈው ሰው ይጠፋል።

በጊምፕ፦ ሁሉንም እንደ ሌየር (አንዱ በሌላው ላይ እንደተነባበረ ሥዕል) ክፈቱ፤ ከማማከላችሁ በፊት ፕሪሲዥኑን ወደ 32 ቢት ቀይሩ፤ አለበለዚያ በማካፈሉ መሃል ቁጥሩ እየተጠጋጋ ይበላሻል። ከዚያ የሌየሮቹን ኦፓሲቲ (የታችኛውን የመሸፈን መጠን) ከታች ወደ ላይ 100፣ 50፣ 33.3፣ 25፣ 20፣ 16.7፣ 14.3፣ 12.5 እያላችሁ ስጡ። ደንቡ ግልጽ ነው፤ 100ን በሌየሩ ተራ ቁጥር ማካፈል። ሁሉንም 50 ካደረጋችሁ የላይኛው ብቻውን ግማሹን ይይዝና ልፋቱ ከንቱ ይሆናል።

የጮቄን ወይም የዘንገና ሐይቅን ሌሊት ሰማይ በ20 ሰከንድ ለሚያነሱ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነቁጥ አለ፤ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚቆም፣ ደማቅ ቀይ ወይም ሰማያዊ ነጥብ። ይህ ሴንሰሩ ሲሞቅ የሚበራ ፒክስል ነው። የካሜራውን የረጅም ኤክስፖዠር ኖይዝ ማጽጃ ካበራችሁት ሻተሩን ዘግቶ ሌላ 20 ሰከንድ ያነሳና ነጥቦቹን ይቀንሳቸዋል። ዳርክቴብል በሚባለው የራው ፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ሆት ፒክስልስ የሚለው ሞጁል ይህንኑ በኋላ ያደርጋል። ይህን ነጥብ በተራ ኖይዝ ማጽጃ ለማጥፋት አትሞክሩ፤ አንድ ነጥብ ለማጥፋት ፎቶውን ሁሉ ታደበዝዛላችሁ።

ኮምፒውተር ላይ፦ መጀመሪያ ቅደም ተከተሉ

ኋይት ባላንስና ብርሃን ይቀድማሉ። ኖይዙን አጽድታችሁ ካበቃችሁ በኋላ ጥላውን ብታበሩት የተደበቀው ሁሉ ይወጣና እንደገና ትጀምራላችሁ። ቀጥሎ የቀለም ኖይዝ፣ ቀጥሎ የብርሃን ኖይዝ፣ ከዚያ መጠን መቀነስ፣ በመጨረሻ ሻርፕ ማድረግ (ጠርዙን ማሳል)። ሻርፑ ከቀደመ እያንዳንዱ ነቁጥ ጠርዝ ተበጅቶለት እንደ እውነተኛ ነገር ይቆጠራል፤ ከዚያ በኋላ ማጽጃው አይለየውም።

ዙሙን 100 ከመቶ አድርጉ። ራውቴራፒ በሚባለው ፕሮግራም ውስጥ የኖይዝ ማጽጃው ውጤት ከዚያ በታች ጭራሽ አይታይም፤ በሌሎቹም ቢሆን ፎቶው ሲያንስ ኖይዙ ተማክሎ ስለሚደበቅ ያታልላል። ሦስት ቦታ ምረጡና እየተመላለሳችሁ እዩ፦ ጨለማው ጥግ፣ ፊቱ፣ የልብሱ ጥለት። አንዱን ብቻ እያዩ ማስተካከል ሌሎቹን ያበላሻል።

የቀለም ኖይዝ

ለምሳሌ በአይኤስኦ 6400 የተነሳ፣ ጧፍ የያዙ እናት ፎቶ እንያዝ። ነጭ ነጠላ ከቀይና አረንጓዴ ጥለት ጋር ለብሰዋል፤ አንገታቸው ላይ ንቅሳት አለ።

በላይትሩም ፕሮግራም ዲቴይል ክፍል ውስጥ ከለር (የቀለም ኖይዝ ማጽጃ) እና ሉሚናንስ (የብርሃን ኖይዝ ማጽጃ) የሚሉትን ሁለቱንም ወደ 0 መልሱ፤ ለራው ፋይል ከለር በራሱ 25 ላይ ስለሚቆም መጀመሪያ ኖይዙን ራቁቱን ማየት ያስፈልጋል። አሁን ጨለማውን ጥግ እያያችሁ ከለርን በ5 በ5 ከፍ አድርጉ። ትንንሾቹ ባለቀለም ነቁጦች ሲጠፉ ቁሙ፤ ለእንዲህ ያለ ፎቶ ብዙ ጊዜ ከ25 እስከ 40 ይበቃል። ሰፋፊ አረንጓዴና ወይን ጠጅ ጠቃጠቆ ከቀረ ከለርን መጨመር አያዋጣም፤ ስሙዝነስ የሚለውን ከ50 ወደ 70 ወይም 80 አንሱት። ትንሹን ነቁጥ ከለር፣ ትልቁን ጠቃጠቆ ስሙዝነስ ነው የሚያጠፋው።

አሁን ወደ ጥለቱ ተመለሱ። ከለር ሲበዛ ቀዩ ክር ወደ ነጩ ይሰርግና ጥለቱ ሐመር ሮዝ ይሆናል፤ ቀይና አረንጓዴው ጎን ለጎን ካሉ ሁለቱም ወደ ቡናማ ይጠፋሉ። ያ ከታየ ከለሩን በ5 መልሱ፣ ከለር ዲቴይልን ደግሞ ከ50 ወደ 65 አንሱ። ከንፈርና የዓይን ብሌንንም እዩ፤ የከንፈር ቀለም ሲሸሽ ሰው የታመመ ይመስላል።

በብራና ላይ ይህ ይበልጥ ያሰጋል። የዲማ ጊዮርጊስን ወይም የመርጡለ ማርያምን መጽሐፍ የሚያነሳ ሰው የእግዚአብሔርና የእመቤታችን ስም በቀይ ቀለም እንደሚጻፍ ያውቃል። ቀዩ ሰረዝ ቀጭን ነው፤ ከለር ሲበረታ ቀዩ በዙሪያው ካለው የቆዳ ቢጫ ጋር ይቀላቀልና ስሙ እንደ ሌላው ቃል ጥቁር ቡናማ ይሆናል። ለብራና ከ15 አትለፉ፤ ይልቅ ከላይ ባልነው መንገድ 8 ወይም 16 ፎቶ አንስታችሁ አማክሉ።

በዳርክቴብል ዲኖይዝ ፕሮፋይልድ የሚለውን ሞጁል ክፈቱ፤ የካሜራችሁን ሞዴልና አይኤስኦ ከፋይሉ አንብቦ ለዚያ የተለካውን የኖይዝ መጠን ራሱ ይመርጣል። ሞዱን ዌቭሌትስ አድርጉ፤ የቀለሙን ከርቭ ከብርሃኑ ለይቶ ይሰጣችኋል። የቀለሙን ከፍ፣ የብርሃኑን ዝቅ አድርጉ።

ፋይሉ ጄፔግ ብቻ ከሆነ በጊምፕም ይቻላል። ሌየሩን ደግሙ፤ በላይኛው ላይ ሰሌክቲቭ ጋውሲያን ብለር ራዲየስ 5 ስጡ፤ የሌየሩን ሞድ ኤልሲኤች ከለር አድርጉ። እንዲህ ሲሆን የደበዘዘው ቀለሙ ብቻ ነው፤ ብርሃኑ ከታችኛው ሌየር እንዳለ ይመጣል። ጥለቱ ላይ ቀለም ከሰረገ ማስክ (የፎቶውን ክፍል ለይቶ የሚሸፍን) ጨምራችሁ ጥለቱን በጥቁር ቀቡት። በፎቶሾፕም መንገዱ ያው ነው፤ ሞዱ ከለር ይባላል።

በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከላችሁን ምስል ለማጽዳት ግን አትድከሙ። ቴሌግራም አሳንሶና ጨምቆ ነው የሚያስተላልፈው፤ ኖይዙ ከጄፔጉ 8 በ8 ፒክስል ሳጥኖች ጋር ተጣብቆ ይደርሳችኋል። ላኪው እንደ ፋይል እንዲልክላችሁ ጠይቁ።

የብርሃን ኖይዝ

እዚህ ነው ትዕግሥት የሚጠይቀው። ነጠላውን በ100 ከመቶ ቀርባችሁ እዩት። ድሩ ወደ ታች፣ ማጉ ወደ ጎን፣ በተጋጠሙበት ሁሉ ትንሽ ብሩህ ነጥብ፣ በመካከላቸው ትንሽ ጥላ። ከኖይዝ ጋር በመጠን አንድ ነው፤ ልዩነቱ ክሩ ሥርዓት ይዞ መደጋገሙ፣ ኖይዙ ደግሞ ዝም ብሎ መበተኑ ነው። ማጽጃዎቹም የሚለያዩት ይህን በማወቅና ባለማወቅ ነው። ተራ ብለር ሁሉንም ይደፈጥጣል። በ1998 የወጣው ባይላተራል ፊልተር ብርሃናቸው የሚቀራረብ ጎረቤቶችን ብቻ ያማክላል፤ ስለዚህ ጠርዝ ይጠብቃል፣ ስስ ሽመናን ግን ያጠፋል። በ2005 የቀረበው ኖን ሎካል ሚንስ በጎረቤት ብቻ አይወሰንም፤ በፎቶው ውስጥ የሚመስሉትን ቁራጮች ፈልጎ እነሱን ያማክላል። ለሚደጋገም ጥለት እንደ እሱ ያለ የለም፤ ዳርክቴብል ውስጥ ከዌቭሌትስ ጎን ታገኙታላችሁ።

በላይትሩም ሉሚናንስን ፊቱን እያያችሁ ከ0 ጀምራችሁ አንሱ። ነቁጡ ዓይን መሳቡን ሲያቆም ቁጥሩን ያዙና ሲሶውን መልሱ፤ 30 ከደረሳችሁ 20 ላይ ቁሙ። ትንሽ ጥራጥሬ መቅረቱ ጥሩ ነው፤ ዓይን ጥራጥሬ ያለበትን ፊት ስል አድርጎ ያየዋል፣ ፈጽሞ የለሰለሰውን ግን የደበዘዘ ይለዋል። የሉሚናንስ ዲቴይል 50 ላይ ይጀምራል፤ ልብስ ለበዛበት 60 ወይም 70፣ ፊት ብቻ ለሆነ 40።

ከዚያ ለአንገቱ ንቅሳት ጊዜ ስጡ። ንቅሳት ከቆዳው በብርሃን ትንሽ ብቻ የሚጨልም፣ አረንጓዴ ሰማያዊ የሆነ ስስ መስመር ነው። ሁለቱም ማጽጃዎች ይጎዱታል፤ ከለሩ አረንጓዴውን፣ ሉሚናንሱ ጥቁረቱን ይወስዳል። ስለዚህ በአንድ ስላይደር ፎቶውን ሁሉ ማጽዳት ትታችሁ በማስክ ከፋፍሉት፦

ለጀርባው ጨለማ በብርሃን መጠን የሚመርጥ ማስክ አድርጋችሁ ኖይዝ የሚለውን ከ30 እስከ 50 ጨምሩ፤ እዚያ የምትጠብቁት ነገር የለም። ለፊቱ ዋናው ቁጥር እንዳለ ይሁን። ለነጠላው፣ ለንቅሳቱና ለሹሩባው በብሩሽ ኖይዙን ከ0 በታች አውርዱ፤ ይህ ከዋናው ላይ ይቀንሳል። የብሩሹን ጠርዝ ለስላሳ አድርጉ፤ ስል ከሆነ ጥራጥሬው የሚጀምርበት መስመር እንደ ድንበር ይታያል።

ለጢስ ዓባይ ፎቶ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የፏፏቴው ርጭት በፎቶ ላይ የተበተነ ብሩህ ነጥብ ነው፤ ሥርዓት የለውም፣ ክርም አይደለም። ማንኛውም ማጽጃ ኖይዝ ነው ብሎ ይወስደዋል፣ ጢሱም ወተት ይሆናል። ውሃውን በማስክ ለዩና ኖይዝ የሚለውን ከ0 በታች አውርዱ፤ ከለሩ ግን ይሥራ፣ የውሃ ጢስ የራሱ ቀለም የለውምና።

በኤአይ የሚሠራው

ላይትሩም በፈረንጆቹ ሚያዝያ 2023 ዲኖይዝ የሚባለውን ኤአይ ሲያስገባ ብዙ ነገር ቀለለ። የሚሠራው በራው ፋይል ላይ ነው፤ መጠኑ 50 ላይ ይጀምራል። ለሰው ፎቶ ከ25 እስከ 40 ይሻላል። ጥሩ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ላይ አንድ ፎቶ ደቂቃዎች ስለሚፈጅ የሰርግ 600 ፎቶ ሁሉ ላይ አታስኪዱት፤ ለአልበም የተመረጡት ላይ ብቻ ይበቃል።

ነገር ግን ኤአይ የጎደለውን ከተማረው እያመጣ ነው የሚሞላው። ከኋላ ያሉት ትንንሽ ፊቶች የማንም ያልሆነ ዓይንና አፍ ሊያወጡ ይችላሉ። በጽሑፍ ላይ አደጋው ግልጽ ነው፤ በእኛ ፊደል በና ቡን፣ ለና ሉን የምትለየው አንዲት ትንሽ ቅጥያ ናት። ማሽኑ ያችን ቅጥያ ነቁጥ ናት ብሎ ቢያጠፋት ወይም ነቁጥን ቅጥያ ቢያደርጋት ቃሉ ይለወጣል፣ አንባቢውም አያውቅም። ብራና፣ የመቃብር ጽሑፍና ሰነድ በኤአይ አይጸዱም።

ምን ሲታይ ምን ማድረግ?

ፊቱ ሰም ከመሰለ ሉሚናንሱን ቀንሱ። ከቀነሳችሁም በኋላ ካልተመለሰ ከላይትሩም በፊት ካሜራው ወይም ስልኩ አጽድቶታል ማለት ነው፤ ከ10 እስከ 15 የሚሆን ደቃቅ ግሬይን (ሰው ሠራሽ ጥራጥሬ) ጨምሩለት።

ቆዳው ወይም ግድግዳው ላይ ትል የሚመስል የተጠማዘዘ መስመር ከወጣ የሉሚናንስ ዲቴይሉ በዝቷል፤ ወደ 40 አውርዱት።

በጣና ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ በተነሳው ሰማይ ላይ እርከን እርከን ከታየ ኖይዙን አብዝታችሁ አጥፍታችሁታል። ደቃቅ ኖይዝ በቀለማት መካከል ያለውን ደረጃ ይሸፍን ነበር፤ ሲጠፋ ደረጃው ተገለጠ። በ16 ቢት ሥሩ፣ ሰማዩ ላይም ትንሽ ግሬይን መልሱ።

ጥቁር ፀጉር ጭቃ የመሰለ እንደሆነ ጥላውን ከሚገባው በላይ አብርታችሁታል። ጨለማ የነበረው ጨለማ ይሁን፤ ብላክስን (የጥቁሩን ስላይደር) ትንሽ ማውረድ ከማንኛውም ማጽጃ በተሻለ ኖይዝ ይደብቃል።

ሻርፕ ማድረግና ማሳተም

በላይትሩም ማስኪንግ የሚለውን ስላይደር አልት ይዛችሁ ጎትቱ፤ ነጭ የሆነው ቦታ ብቻ ሻርፕ ይደረጋል። ጉንጩ ጥቁር፣ የዓይን ሽፋሽፍትና ጥለቱ ነጭ እስኪሆኑ ግፉት፤ ብዙ ጊዜ ከ60 እስከ 80 ነው። አማውንቱ 40፣ ራዲየሱ 1.0 ይብቃው።

ፎቶው የሚታየው በስልክ ከሆነ ብዙ አትልፉ። 6000 ፒክስል የሚሰፋ ፎቶ ወደ 2048 ሲቀንስ እያንዳንዱ አዲስ ፒክስል ከ8 በላይ የሆኑ የቀድሞ ፒክስሎች አማካይ ይሆናል፤ ኖይዙ በዚህ ብቻ ወደ ሲሶ ገደማ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ለፌስቡክ የሚሆነውንና ለግድግዳ የሚታተመውን በአንድ ቁጥር አታጽዱ።

ለ30 በ40 ሳንቲሜትር ኅትመት በ300 ዲፒአይ 3543 በ4724 ፒክስል ያስፈልጋል። ትልቁን ከማሳተማችሁ በፊት ፎቶውን በዚያ መጠን አዘጋጁና ፊቱና ጥለቱ ያሉበትን 1181 በ1772 ፒክስል ቁራጭ ቁረጡ፤ ፎቶ ቤቱ ሳያሳድግና ሳያሳንስ በ10 በ15 ያትምላችሁ። ስክሪን ላይ ያስጨነቀ ነቁጥ ወረቀት ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይታይም። ቁራጩን በቀን ብርሃን፣ በክንድ ርቀት ይዛችሁ ክሩን ፈልጉ። ክሩ ካልታየ ሉሚናንሱን 5 ቀንሱና ሌላ ቁራጭ አሳትሙ።